ቋ ቋ ነው ወይስ ድው?

ለሰዓት ሠሪው መኪናው እንደታመመች የነገረው የመኪና ጠባቂው ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ካለበት ሕንፃ ሥር ሊያቆም ሲጠመዘዝ፣ ጠባቂው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ወደ መስኮቱ አጎነበሰ።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ስትዞር ትጮኻለች እኮ። ጎማዋ ጋ የሆነ ነገር አለ።»

«አዎ፣ አውቃለሁ» አለ ሰዓት ሠሪው።

አያውቅም ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ባለ ጊዜ አፉ ይቀድመዋል። ነገር ደብቄ ሰው ማንጠልጠል ስለማልወድ ምክንያቱን አሁኑኑ ልናገር፤ የሰውየው ቀኝ ጆሮ አይሰማም። በአንድ ቀን አልደነቆረም። መጀመሪያ የትንንሾቹ የሴት ሰዓቶች ምት ጠፋው፤ ቀጥሎ የኪስ ሰዓቶቹ፤ በመጨረሻ በዚያ በኩል ያለው ዓለም ጥጥ እንደተጎሰጎሰበት ሆኖ ቀረ። ግራው ደህና ነው፤ ደህና የሚባለውም ከቀኙ ጋር ሲተያይ ነው። ሐኪሙ በትንሽ መብራት አይቶ «የነርቭ ነው፣ ይሄ አይመለስም» ብሎ አሰናብቶታል። ከዚያ ሐኪም በቀር የሚያውቅ የለም። ሚስቱም አታውቅም።

ለምን እንደደበቀ ለመረዳት ሱቁን ማየት ነው። ከሕንፃው ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት እጅ ሲዘረጉባት ግድግዳና ግድግዳ የምታስነካ ክፍል ናት። ሠላሳ አራት ዓመት እዚያች ውስጥ ተቀምጧል። ሰው ሰዓቱን ይዞ ሲመጣ ሰዓት ሠሪው ክዳኑን ለመክፈት አይቸኩልም፤ ሰዓቱን ቀኝ ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። «ይቺ ታነክሳለች» ይላል፤ ወይም «ደክሟታል እንጂ አልተበላሸችም»። ሰው በዚህ ይገረማል፤ ሄዶም ለጎረቤቱ ያወራል። የሱቁ ማስታወቂያ ያ ጆሮ ነበር። አሁንም ሰዓቱን ያነሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ደንበኛው ዞር ሲልለት ግን ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ የአንዲት ቀጭን እንጨት ጫፍ በጥርሱ ይነክስና ሌላውን ጫፍ ሰዓቱ ላይ ያሳርፋል። ምቱ በጥርሱ በኩል ወደ ራስ ቅሉ ይመጣለታል። በዚህ ዘዴ እስካሁን አንድም ሰዓት አልተመለሰበትም። ቢሆንም የማይሰማ ሰዓት ሠሪ ማን ይፈልጋል? ይህን ባሰበ ቁጥር ምስጢሩን ይበልጥ ጥብቅ ያደርጋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የመኪናዋን ጩኸት ችላ ይለው ነበር። አሁን አይቻልም። የሰባት ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖረው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ ሳምንት ቀርቷታል። ባለቤቱ እዚያ መድረስ አለባት፤ ቅዳሜ ጠዋት ሊነሱ ተቆርጧል። ሰዓት ሠሪው በገዛ እጁ የሠራው የሕፃን አልጋ መኪናዋ ጣሪያ ላይ የሚታሰርበት ገመድ ሳይቀር ተገዝቷል። የመንገዱ አጋማሽ ተራራ ነው፤ ጥምዝምዝ በጥምዝምዝ። መኪናዋ የምትጮኸው ደግሞ ስትዞር ነው ተብሏል።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ቀጭን፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ረጋ ያለ ሰው ነው። ራሱ ገብቶ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረባት፤ ግቢው በመኪና ስለተጨናነቀ ዙሩም እንደ ነገሩ ነበር። ምንም አላለችም።

«ሐኪም ስታይ ይሻላታል» አለ መካኒኩ እየወረደ። ከዚያ በግራ በኩል ያለውን የፊት ጎማ በክሪክ አነሳና በባትሪ ተመለከተ። «እህ» አለ። ከጎማው ጀርባ ያለው ጥቁር የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ግሪሱ ዙሪያውን ተረጭቷል።

«ይሄ ድራይቭ ሻፍት ይባላል፣ ጋሼ። ሞተሩ ጎማውን የሚያዞርበት ዘንግ ነው። ጆይንት የሚባል ሁለት መጋጠሚያ አለው፤ አንዱ ውጪ ጎማው ጋ፣ አንዱ ውስጥ ካምቢዮው ጋ። የውጪው ስድስት ኳስ አለው፤ እሱ ሲያልቅ መሪ ሲያዞሩ ቋ ቋ ቋ ይላል። የውስጡ ደግሞ በእርስዎ መኪና ባለ ሦስት እግር ነው፤ በየእግሩ ላይ ቀለበት ይሽከረከራል። እሱ ሲያልቅ ቀጥ ብለው እየሄዱ ነዳጅ ሲሰጡ ድው ይላል።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እና የእርስዎ የትኛው ነው? ቋ ቋ ነው ወይስ ድው?»

ሰዓት ሠሪው ወደ ጎማው አየ፤ ጎማው ምንም አልነገረውም።

«መሃል ላይ ነው» አለ።

«መሃል ማለት?»

«ሁለቱም አለበት መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት አንዱ፣ ሲሞቃት ሌላው።»

መካኒኩ በዕድሜው ብዙ ድምፅ ተገልጾለታል። የሚያፏጭ፣ የሚያቃስት፣ እንደ ድመት የሚል ሁሉ ሰምቷል። ሁለት ዓይነት ድምፅ በፈረቃ የሚያሰማ ዘንግ ግን አልገጠመውም። በትዕግሥት አስረዳው። የውጪው ብቻ ከሆነ ያንን ጆይንት ለይቶ መቀየር ይበቃል፤ የቀረው ዘንግ የፋብሪካው ስለሆነ ይቆያል። የውስጡም ካለበት ሙሉ ዘንግ መቀየር ይሻላል። ዝም ብለው ከሄዱበትና ጆይንቱ መንገድ ላይ ከተፈታ ደግሞ መኪናዋ እዚያው ቀጥ ትላለች፤ ተራራም ይሁን ሜዳ አትመርጥም።

«ስለዚህ ድምፁን በደንብ ይንገሩኝ። ሁልጊዜ አብረዋት ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ላስብበት።»

«ድምፁን ነው የሚያስቡበት?»

«ሁሉንም።»

መካኒኩ ነገሩን ተወው። «የቀኙንስ ጎማ አንስቼ ልየው?»

«አይ፣ የቀኙ ደህና ነው። በዚያ በኩል ምንም አልሰማም።»

በዚያን ቀን ካወራው ሁሉ እውነት የነበረችው ይህቺ ብቻ ነበረች፤ የበለጠ ያሳሳተችውም እሷው ናት።

ማክሰኞ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ሻጯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ዓይነት ሴትዮ ናት፤ ዕቃዋን ግን በጨለማ ታውቀዋለች። የመኪናዋን ዓይነትና ዘመን ጠይቃው ባንኮኒው ላይ ሦስት ነገር ደረደረች። አንደኛው በካርቶን የታሸገ የውጪ ጆይንት ነው፤ ከላስቲኩና ከግሪሱ ጋር። ሁለተኛው ከተጋጨች መኪና የወጣ ሙሉ ዘንግ ነው፤ ያገለገለ፣ ግን ኦሪጅናል። ሦስተኛው ደግሞ አዲስ ሙሉ ዘንግ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የመኪናዋ ፋብሪካ ሳይሆን ሌላ ፋብሪካ የሠራው።

ሰዓት ሠሪው ከኪሱ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ዓይኑ ላይ ሰካ። ሻጯ ሳቋን ዋጠች። ጆይንቱ ጎማው ውስጥ የሚገባበትን ጥርስ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ሃያ ስድስት። ከሌላው ጫፍ ጀምሮ ደገመው፤ ሃያ ስድስት። ወረቀት ላይ ጻፈው። የሁለቱን ዘንግ ርዝመት ሦስት ሦስት ጊዜ ለካ። ከዚያ የአዲሱን ዘንግ የውስጥ ጆይንት በእጁ አገላበጠ።

«የኔዋ ከውስጥ ባለ ሦስት እግር ናት አሉኝ። ይሄ ግን ባለ ኳስ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ይገጥማል።»

«ከገጠመ ለምን ተለየ?»

«እሱን ፋብሪካውን ይጠይቁት።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ባለ ሦስት እግሩ ሲንሸራተት ለስላሳ ነው ይላሉ። ባለ ኳሱ ጠንካራ ነው ይላሉ። ኦሪጅናል ይዘልቃል ይላሉ፤ ግን ያገለገለ ነው፣ ምን ያህል እንደቀረው ማን ያውቃል? አዲሱ አዲስ ነው፤ ግን ማን እንደሠራው ማን ያውቃል?»

«አንቺ ብትሆኚ ለራስሽ መኪና የትኛውን ታደርጊ ነበር?»

«እኔ? በእግሬ ነው የምሄደው።»

የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ይህ ሰው በገዛ ሱቁ ውስጥ «ኦሪጅናል ካልሆነ እጄን አላስነካም» እያለ ደንበኛ ፊት ደረቱን የሚነፋ ሰው ነው። የጠረጴዛው የታችኛው መሳቢያ ግን ከሞቱ ሰዓቶች የተፈቱ ጥርሶችና ሞላዎች ሞልተውበታል። የአንዱን ልብ ለሌላው ሲያደርግ ነው የሚውለው፤ ሰዓቶቹም ሳያማርሩ ይሠራሉ። ስለዚህ ባዕድ ዕቃ በራሱ ክፉ አለመሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። የቸገረው ሌላ ነው። እሱ ሰዓት ላይ መድኃኒቱን የሚመርጠው ሕመሙን ካወቀ በኋላ ነው፤ አሁን ሕመሙን ሳያውቅ መድኃኒት ምረጥ ተባለ።

ረቡዕ ዕለት ከጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ገባና ነገሩን ዘረገፈው፤ ስለ ጆሮው ትንፍሽ ሳይል። ፀጉር አስተካካዩ መኪና ኖሮት አያውቅም፤ ሐሳብ ግን ሞልቶታል።

«ያገለገለውን ኦሪጅናል ግዛ። የድሮ ብረት ሌላ ነው» አለ።

ከምላጩ ሥር አረፋ የተቀባ ደንበኛ አንገቱን ሳያንቀሳቅስ ጣልቃ ገባ። «የተጋጨ መኪና ዘንግ? ጠምዛዛ ይሆናል። አዲሱን ግዙ።»

«ዝም በል፣ እቆርጥሃለሁ። ስማኝ ወንድሜ፣ ድምፁ ምን ዓይነት ነው?»

ሰዓት ሠሪው ሥራ እንዳለበት ትዝ አለውና ወጣ።

እቤቱ ምሳ ሲበላ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ ድምፅዋ እስካሁን የጠራ ነው፤ ጨዋታም ትወዳለች። ድሮ መኪና ውስጥ ሞተሩ ከተነሳበት እስኪጠፋ አታቋርጥም ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መኪና ውስጥ ዝም ትላለች። ከጎኑ ትቀመጣለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ይደርሳሉ፣ ትወርዳለች። ሰዓት ሠሪው ዕድሜ ረጋ አደረጋት ብሎ ነበር የተረጎመው። እቤትም ቢሆን ቃል ቆጥባለች፤ ግን እቤት ውስጥ ፊቷን ስለሚያይ የጎደለው ነገር አይታወቀውም።

«አንቺ፣ መኪናዋ ስትዞር የሆነ ድምፅ…» ብሎ ጀመረና እንዴት እንደሚጨርሰው ጠፋው።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ነግሬህ የለ እንዴ ከሦስት ሳምንት በፊት?»

«አዎ፣ ነግረሽኛል።»

«እና?»

«እና እያሠራሁት ነው።»

«ጥሩ» ብላ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

እሱ ተቀመጠ። ነግራዋለች። የት ነገረችው? ምን ብላ? ቋ ቋ ነው ያለችው ወይስ ድው? ተነስቶ «ምን ነበር ያልሽኝ?» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ያንን ካለ ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል፤ ከዚያም ቀጣዩ፤ መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቀዋል። ኩሽናው በር ድረስ ሄዶ ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ።

ሐሙስ ወሰነ። ውሳኔው እንዲህ ነው፤ አዲሱን ሙሉ ዘንግ ከገዛ የውጪውም የውስጡም ጆይንት አብሮ ይቀየራል፤ ድምፁ ቋ ቋም ይሁን ድው ይጠፋል፤ ማንም ምንም አይጠይቀውም። በራሱ ብልጠት ተደሰተ። እኔ ግን ብልጠት አልለውም፤ ሰው አንዲት ቃል ላለመናገር ብሎ ክንድ የሚያህል ብረት ሲገዛ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ዓርብ መካኒኩ አዲሱን ዘንግ ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ። «ከውስጥ ባለ ኳስ ነው የመረጡት። ይሠራል። ግን ለምን?»

«ጠንካራ ነው አሉኝ።»

«ድምፁስ የትኛው እንደሆነ አረጋገጡ?»

«ሁለቱንም ስለያዘ ችግር የለውም።»

መካኒኩ ትከሻውን ሰብቆ ሥራውን ጀመረ። ሲጨርስ ሌላ መኪና ሥር መግባት ነበረበትና «እስኪ አንድ ሁለት ዙር ብለው ይምጡ፣ ይስሙት» አለው። ሰዓት ሠሪው ብቻውን ወጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰ።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

የድሮውን ዘንግ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሱቁ ወሰደው። ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ የተፈታ ነገር ሳያይ የማይተኛ ሰው ስለሆነ ነው። ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ የውጪውን ጆይንት በሁለት እጁ ያዘና ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ጣቶቹ የፀጉር ስፋት የምታህል ክፍተት የሚለዩ ጣቶች ናቸው። ጆይንቱ ጥብቅ ነበር። ግሪስ ጎድሎታል፣ ትንሽ አቧራ ገብቶበታል፤ እንጂ አላለቀም። የውስጡን ሦስት እግር ቀለበቶች አንድ በአንድ አዞረ፤ እንደ ቅቤ ይሄዳሉ።

ይህ ዘንግ ጤነኛ ነው። ታዲያ ስትዞር የምትጮኸው ምኗ ነው?

ደጋግሞ አወዛወዘው፤ ጣቶቹ ያንኑ ነገሩት። ልቡ ወዲያና ወዲህ አለበት። ነገ ጠዋት ጉዞ ነው፤ አልጋው ተዘጋጅቷል፤ መካኒኩን «ጠፋ» ብሎታል። «ብረት ሌላ፣ ሰዓት ሌላ» ብሎ ራሱን አሳመነና ዘንጉን ጠረጴዛው ሥር ገፋው። ሠላሳ አራት ዓመት ጣቶቹን ሲያምን ኖሮ ያን ቀን ካዳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሱ። ባለቤቱ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ወትሮው በቀኙ ተቀመጠች። የከተማው ጫፍ ያለውን አደባባይ ሲዞሩ ዓይኑ በአጋጣሚ እጇ ላይ ወደቀ፤ የበሩን መያዣ ጨብጣለች። አደባባዩን ሲጨርሱ ለቀቀችው። ትንሽ ሄደው መንገዱ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ እጇ ዘንቢሉ ላይ ነው። ወደ ግራ ታጠፈ፤ ጨበጠች። ወደ ቀኝ፤ ለቀቀች። እንደገና ወደ ግራ፤ ጣቶቿ ነጡ።

ሰዓት ሠሪ መቁጠር አመሉ ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠረ፤ ሦስቱም ወደ ግራ ሲታጠፍ ነው። ፊቷን አየ፤ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፤ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። የዓርቡ ጥብቅ ጆይንት በጣቶቹ ላይ ትዝ አለው። ከፊታቸው ተራራው ይታያል፤ መንገዱ ላዩ ላይ ተጠማዝዞ ይወጣል። እዚያ ላይ፣ ገደል አፍ ላይ፣ መኪናዋ ቀጥ ብትልስ? ልጁስ እናቷን በስንት ዓይን ነው የምትጠብቀው?

ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ወደ እሷ ሙሉ በሙሉ ዞረ፤ ግራ ጆሮው ወደ እሷ እንዲሆን።

«ምን ሆንክ?» አለች።

«ምን እያለች ነው?»

«ማን?»

«መኪናዋ። ምን ዓይነት ድምፅ ነው? አንቺ ንገሪኝ። እኔ አልሰማም።»

«እንዴት አትሰማም? ከእግሬ ሥር እየጮኸች?»

«በዚህ በኩል አልሰማም» አለና ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ነካ። «ምንም። ሁለት ዓመት ሆነው።»

ይቆጣል ብሎ የጠበቀው ፊቷ አልተቆጣም፤ ግራ ተጋባ እንጂ። እንደ እሱ።

«ሁለት ዓመት?» አለች ቀስ ብላ። «እህቴ ታመመች፣ ዕጢ ተገኘባት ያልኩህ እዚሁ መኪና ውስጥ ነው። እዚሁ ወንበር ላይ። እያለቀስኩ ነው የነገርኩህ። አንተ ‹እሺ› ብለህ ፍሬቻ አበራህ።»

ቀኑን አስታወሰው፤ መስኮት መስኮት ታይ ነበር፤ ፊቷን አላየም። የእህቷን መታመም የሰማው ከሳምንት በኋላ ከልጃቸው በስልክ ነው። ለምን ሚስቱ እንዳልነገረችው ራሱ ቅር ብሎት ነበር።

«እኔ እኮ» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እኮ ሰለቸሁህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንድ ሰው ‹እሺ፣ እሺ› ብቻ ሲለኝ ከምለምነው ብዬ።»

በሩን ከፍታ ወረደች። እሱ መሪውን ይዞ ቀረ። በመንገዱ ዳር ጥቂት ርምጃ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ጥላው ትሄድ ይሆን የሚል የሕፃን ፍርሃት ያዘው። ከዚያ ተመልሳ ገባችና በሩን ዘጋችው፤ ትንሽ ጠንከር አድርጋ።

«አዙር ወደ ግራ» አለች ፊቷን አስጠግታ። «እኔ እነግርሃለሁ።»

ከመንገዱ ዳር ያለ ባዶ ሜዳ ላይ ገብቶ ወደ ግራ ዞረ፤ እሷ በእጇ ዳሽቦርዱን እየመታች ምቱን ሰጠችው፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሲያፈጥን ምቱ ፈጠነ፣ ሲያዘገም ዘገየ። ወደ ቀኝ ሲዞር እጇን አነሳች። ቀጥ ብሎ ነዳጅ ሲሰጥ ራሷን ነቀነቀች፤ ድው የሚል ነገር የለም። ሳምንት ሙሉ ሲጨነቅበት የከረመውን በሦስት ዙር አወቀው።

ጋራዥ ተመለሱ። መካኒኩ አልጋ የተጫነባትን መኪና ሲያይ ገርሞት ተነሳ። ሰዓት ሠሪው አፉን ሳይከፍት ባለቤቱ ቀደመችው።

«ቋ ቋ ነው። መሪ ሲያዞር ነው፤ ወደ ግራ ብቻ። ከኔ እግር ሥር ነው የሚመጣው።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ መካኒኩ። የቀኙን ጎማ አነሳ። የላስቲክ ሽፋኑ ሙሉ ነው፤ ሲፈታው ግን ውስጡ አሸዋና ጥቁር ውሃ ነው። የመኪናዋ የቀድሞ ባለቤት ባለቀ ጆይንት ላይ አዲስ ሽፋን አልብሶ ሸጧታል ማለት ነው። መካኒኩ አንዴ ጆይንቱን፣ አንዴ ሰዓት ሠሪውን ያያል። «ጋሼ፣ ሰኞ እኮ በዚህ በኩል ምንም አልሰማም ብለውኝ ነበር።»

«ልክ ነበርኩ፣ ልጄ» አለ ሰዓት ሠሪው። «በዚህ በኩል አልሰማም። ጆሮዬ ደንቁሯል።»

ለሁለተኛ ጊዜ ሲናገረው ከመጀመሪያው ቀለለው። መካኒኩ መፍቻውን አነሳ። ሰዓት ሠሪው እጅጌውን ሰብስቦ ከጎኑ ተንበረከከና የዘንጉን የውስጥ ጆይንት በጣቶቹ ያዘ፤ አወዛወዘ፤ ዓይኑን ጨፈነ። «ይሄ ባለ ሦስት እግር ጤነኛ ነው፣ አትንካው። የውጪውን ብቻ ቀይር። ጥርሱ ሃያ ስድስት ነው፤ ጽፌዋለሁ።» ሙሉ ዘንግ፣ ያገለገለ፣ ባለ ኳስ የሚባል ነገር አልተነሳም። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ምርጫው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከሻጯ ዘንድ ጆይንቱን ያመጣው ራሱ ነው፤ እሷም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ እየፈለገችው ነበር።

ቀኑ እኩል ሲሆን ጨርሰው ሊነሱ ሲሉ ባለቤቱ እንደ ወትሮው ወደ ቀኙ በር አልሄደችም። ዞራ መጥታ ከእሱ ጀርባ ያለውን በር ከፈተችና ዘንቢሏን ይዛ ገባች። ወደ ፊት ተጠግታ ክርኗን የወንበሩ ራስ ላይ አሳረፈች፤ አፏ ከግራ ጆሮው አንድ ስንዝር አይርቅም።

«ሰው የታክሲ ሹፌሬ ይመስለዋል» አለ።

«ይምሰለው።»

አደባባዩን ወደ ግራ ዞረ። መሪው እጁ ውስጥ ለስላሳ ነው። እንደ ልማዱ «ጠፋ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

«ዝም አለች?» ብሎ ጠየቃት።

«እሷ ዝም ብላለች» አለች ጆሮው ሥር። «የሁለት ዓመት ወሬ ያለብኝ እኔ ነኝ። ከእህቴ ልጀምርልህ፤ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ቀስ ብሎ ነዳ። ተራራው ሥር ሲደርሱ ገና የመጀመሪያውን ወር አልጨረሰችም ነበር።